ፊልም ሳይመረቅ ሾልኮ ሲወጣ የሲኒማ ገቢውን ምን ያህል እንደጎዳ የምናውቅበት መንገድ

በባሕር ዳር፣ በደብረ ማርቆስና በፍኖተ ሰላም ፊልም እያዞርኩ ባሳየሁባቸው ዓመታት ደጋግሜ የታዘብኩት ነገር አለ። አዳራሹ ባዶ ሲሆን ሁሉም ሰው «ተሰርቆ ነው» ይላል፤ ሲሞላ ደግሞ ያው ሰው «መሰረቁ ማስታወቂያ ሆነለት» ይላል። ሁለቱም አባባሎች ሳይቆጠር የሚነገሩ ናቸው። ገንዘቡን አፍስሶ፣ ብድር ተበድሮ ፊልም የሠራ ሰው ግን ጉዳቱን በትክክል ማወቅ አለበት፤ በፍርድ ቤት ካሳ ሲጠይቅም ሆነ ለሚቀጥለው ሥራ ሲዘጋጅ በእጁ የሚይዘው ማስረጃ ይኸው ነውና።

በቅድሚያ የሾለከው ምን ዓይነት ቅጂ እንደሆነና ከምረቃው ስንት ቀን ቀድሞ እንደወጣ አጣሩ። «ኤክስ-ሜን ኦሪጂንስ፦ ዎልቨሪን» የተባለው የአሜሪካ ፊልም እ.ኤ.አ. በ2009 ለእይታ ሊበቃ አንድ ወር ያህል ሲቀረው በኢንተርኔት ተበትኖ ነበር። የወጣው ቅጂ ግን የኮምፒውተር ምስል ሥራው ያልተጠናቀቀ ነበር፤ ፊልሙም በአገሩ በመጀመሪያው የሳምንት መጨረሻ 85 ሚሊዮን ዶላር ያህል አስገባ። «ዘ ኤክስፔንደብልስ 3» ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2014 ሦስት ሳምንት ያህል ቀድሞ ያለቀለትና ጥራት ያለው ቅጂው ሾለከ፤ ከሁለት ዓመት በፊት የወጣው ሁለተኛው ክፍል በመክፈቻው ከ28 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሲያስገባ ይህኛው ወደ 16 ሚሊዮን ገደማ ወረደ። ሆኖም ቅናሹን ሁሉ በሌባው ላይ መጫን አይቻልም። ተመልካቹ በተከታታዩ ፊልም ሰልችቶ ሊሆን ይችላል፤ ቀድሞ ለአዋቂዎች ተብሎ ይሠራ የነበረው ፊልም በዚያ ዓመት ለታዳጊዎች እንዲመች ተለዝቦ መቅረቡም አንድ ምክንያት ሊሆን ይችላል። አንድን ፊልም ብቻ ይዞ የሚከራከር ሰው የፈለገውን መደምደሚያ ማግኘት አያቅተውም።

ከአንድ ፊልም ይልቅ ብዙ ፊልሞችን አንድ ላይ የመዘነው ጥናት የተሻለ መነሻ ይሰጠናል። የካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተሙት ጥናት፣ ከምረቃው በፊት የሾለኩ ፊልሞች ከምረቃው በኋላ ከሾለኩት ጋር ሲነጻጸሩ የሲኒማ ገቢያቸው በአማካይ 19.1 በመቶ ያነሰ ሆኖ አግኝተውታል። ይህን ቁጥር በጥንቃቄ ማንበብ ይገባል። ንጽጽሩ የተደረገው ጨርሶ ካልተሰረቀ ፊልም ጋር ሳይሆን ዘግይቶ ከተሰረቀ ፊልም ጋር ነው፤ ስለዚህ የሚነግረን የስርቆትን ጠቅላላ ጉዳት ሳይሆን ቀድሞ መሰረቅ የሚጨምረውን ጉዳት ነው። ምክንያቱ ለሲኒማ ሰው ግልጽ ነው። ከምረቃው በፊት ፋይሉን ፈልጎ የሚያገኘው ለፊልሙ እጅግ የጓጓው ሰው ነው፤ ይህ ሰው በመጀመሪያው ቀን ትኬት ለመቁረጥ ሊሰለፍ የነበረ፣ ጓደኞቹንም ይዞ ሊመጣ የነበረ ሰው ነው።

ወደ ራሳችን ሥራ ስንመጣ ዋናው መሣሪያ ደብተር ነው። ለእያንዳንዱ ቀንና ለእያንዳንዱ ትዕይንት የተሸጠውን ትኬት፣ ዋጋውን፣ በነጻ የገባውን ሰው፣ የአዳራሹን ወንበር ብዛት ጻፉ። ከጎኑ የዕለቱን ሁኔታ መዝግቡ፤ ጾም ነው ወይስ ፍስክ፣ የተማሪዎች ፈተና አለ ወይ፣ መብራት ጠፍቶ ነበር ወይ፣ ዝናብ ነበር ወይ። ይህን የምለው ራሴ ተሳስቼ ስለተማርኩ ነው። አንድ ጊዜ በደብረ ማርቆስ ያሳየነው ፊልም በመጀመሪያው ሳምንት ግማሽ አዳራሽ እንኳ ሳይሞላ ቀረ፤ ፋይሉ በቴሌግራም ሲዞር ስላየን ጉዳዩን በዚያው ደመደምነው። በኋላ ደብተሩን ስገልጥ ሳምንቱ የዐቢይ ጾም መግቢያ ሆኖ አገኘሁት፤ በቀደመው ዓመት በዚያው ሳምንት የታየው፣ ማንም ያልሰረቀው ፊልም የሸጠው ትኬት ከዚህኛው ብዙም አይበልጥም ነበር።

ደብተሩ ከተያዘ በኋላ ፋይሉ የደረሰበትን ከተማ ካልደረሰበት ከተማ ጋር አነጻጽሩ። ለማስረዳት ያህል ቁጥር እንውሰድ። ቀደም ሲል የታየ ተመሳሳይ ዘውግና ተዋናይ ያለው ፊልም በደብረ ማርቆስ 1000፣ በፍኖተ ሰላም 400 ትኬት ሸጦ ነበር እንበል። የሾለከው ፊልም ደግሞ በደብረ ማርቆስ 700፣ በፍኖተ ሰላም 360 ሸጠ። ፋይሉ ባልደረሰበት በፍኖተ ሰላም ገቢው 10 በመቶ ቀንሷል፤ ይህ ቅናሽ የጊዜው ወይም የፊልሙ የራሱ ድክመት ነው። በደብረ ማርቆስም ያለ ስርቆት በዚያው ልክ ቀንሶ 900 ይሸጥ ነበር ብለን ብንገምት፣ በስርቆቱ የታጣው 300 ሳይሆን 200 ትኬት ነው። ንጽጽሩ የሚሠራው ግን ፍኖተ ሰላም በእርግጥ ንጹሕ ከሆነ ብቻ ነው። ኢንተርኔት ባይኖርም ፊልም ዜንደር በተባለው የፋይል ማስተላለፊያ መተግበሪያ ከስልክ ወደ ስልክ ያልፋልና፣ በከተማው ያሉትን ሚሞሪ የሚጭኑ ሱቆች ሳትጠይቁ «እዚህ አልደረሰም» አትበሉ። ደርሶ ከሆነ ስሌታችሁ ጉዳቱን አሳንሶ ያሳያል።

በቴሌግራም ቻናል ላይ የሚታየውን የተመልካች ቁጥር በትኬት ዋጋ አባዝቶ «ይህን ያህል ብር ከሰርኩ» ማለት ግን ስሕተት ነው። ሲኒማ ቤት በሌለበት በአነደድ ወረዳ ገጠር ተቀምጦ በስልኩ ያየ ሰው መብታችሁን ጥሷል፤ ትኬት ግን አላስቀረም። በደልንና የታጣን ገቢ ለየብቻ መያዝ ክሱንም ስሌቱንም ያጠራል።

ቅጂው ከማን እጅ እንደወጣ የሚጠቁም ምልክት አስቀድሞ ማስቀመጥም የሥራው አካል ነው። አንድ ምሽት በባሕር ዳር የትኬት መስኮቱ ጋ ቆሜ ሳለሁ አንድ ወጣት ስልኩን አውጥቶ «ጋሼ፣ ይሄን አይደል የምታሳዩት?» ብሎ የፊልማችንን የመጨረሻ ትዕይንት አሳየኝ። በምስሉ ግርጌ የኤዲቲንግ ሰዓት ቆጣሪው ነጭ ቁጥሮች እየሮጡ ነበር። ለሲኒማ ቤት በሰጠነው ቅጂ ላይ ያ ቁጥር ስላልነበረ፣ ፋይሉ የወጣው ከኤዲቲንግ ክፍል እንደሆነ በዚያች ቅጽበት ገባኝ፤ እግሬ ከዳኝ። ከዚያ ወዲህ ለሙዚቃ ሠሪው፣ ለቀለም አራሚው፣ ለስፖንሰሩ፣ ለእያንዳንዱ ሲኒማ ቤት የሚሰጠው ቅጂ በተለያየ ደቂቃ ላይ የተለያየ ትንሽ ምልክት እንዲኖረው አደርጋለሁ፤ የትኛው ምልክት ለማን እንደተሰጠም ተቀባዩ ፈርሞበት ይቀመጣል። በውጭ አገር ትልልቅ ሲኒማ ቤቶች ፊልሙ ተቆልፎ ስለሚላክ ቁልፉ በተወሰነ ማሳያና ለተወሰነ ጊዜ ብቻ ይሠራል፤ በሃርድ ዲስክ አድርሰን በላፕቶፕ ለምናሳይ ሰዎች ይህ ምልክትና ፊርማ ትልቅ ጥበቃ ነው።

ሾልኮ መውጣቱን በሰማችሁበት ሰዓት ወደ ሱቁ ሄዳችሁ ከመጣላታችሁ በፊት ማስረጃውን ያዙ፤ የቻናሉን ገጽ ከነቀኑና ከነሰዓቱ ፎቶ አንሱ፣ ፋይሉን አውርዳችሁ ምልክቱን ፈልጉ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996፣ በአዋጅ ቁጥር 872/2007 እንደተሻሻለው፣ መብቱን ሆን ብሎ የጣሰን ሰው በጽኑ እስራት ያስቀጣል፤ ነገር ግን ማስረጃ ጠፍቶ ቻናሉ ከተዘጋ በኋላ የሚቀርብ አቤቱታ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሆናል። የቻናሉን ስም በፌስቡክ እየለጠፋችሁ ማውገዝም ያላወቀውን ሰው መንገድ ማሳየት ነው። ያለቀለት ቅጂ ከሆነ የወጣው፣ ከሲኒማ ቤቱ ጋር ተነጋግራችሁ የምረቃውን ቀን ማስቀደም የሚቻል ከሆነ አስቀድሙት፤ ፋይሉ በየሚሞሪው እስኪገባ ያለችው ጥቂት ቀን የእናንተ ናት። ከዚያም ፊልሙ የሾለከበትን ቀን በደብተራችሁ ላይ በቀይ ቀለም አስምሩና ከመስመሩ በታች ያለውን የየዕለቱን ትኬት መቁጠር ቀጥሉ።