«ጤናማ ምግብ አይጣፍጥም» የሚያስብሉን ስህተቶች

የድንች ጥብስና የተቀቀለ ካሮት አንድ ጠረጴዛ ላይ ቢቀርቡ እጅ ወዴት እንደሚሄድ መገመት አያቅትም። ከዚህ ተነስተን «የሚጎዳው ሁሉ ይጣፍጣል፣ የሚጠቅመው አይዋጥም» እንላለን። እኔ ግን ነገሩ እንዲህ አይመስለኝም። ምግብን የሚያጣፍጡት በዋናነት ስብ፣ ስኳር፣ ጨውና እሳት ናቸው። ኬክና ጥብስ እነዚህን በገፍ ያገኛሉ። አትክልትና ጥራጥሬን ግን «ለጤና ነው» በሚል ሰበብ ሁሉንም እንነፍጋቸዋለን፤ ከዚያ ደግሞ አልጣፈጡም ብለን እንከሳቸዋለን። ወደዚህ የሚያደርሱን ስህተቶች ብዙ ናቸው። ዋና ዋናዎቹን እንያቸው።

ራስን «ሆዳም» ብሎ መውቀስ

ጣፋጭ መውደድ የጠባይ ጉድለት አይደለም። ገና የተወለደ ሕፃን ምላስ ላይ ጣፋጭ ጠብታ ቢያርፍ ፊቱ ይፈታል፤ መራራ ቢነካው ይኮማተራል። ማንም አላስተማረውም። የእናት ጡት ወተት ራሱ ጣፋጭ ነው፣ ስብም አለው። ለጥንት ሰው ጣፋጭ ማለት የበሰለ ፍሬ፣ ማለትም ጉልበት ነበር። መራራ ደግሞ ብዙ ጊዜ የመርዛማ ተክል ምልክት ነው። ሰውነታችን ጣፋጭን የሚለይበት ተቀባይ በዋናነት አንድ ዓይነት ሲሆን፣ መራራን የሚለይባቸው ግን 25 ገደማ ናቸው። ጥንቃቄው ወዴት እንደሚያዘነብል ከዚህ ይታያል። ጎመን ላይ የምናማርርበት ምሬትም ተክሉ ነፍሳት እንዳይበሉት ራሱን የሚከላከልበት መሣሪያ ነው።

ጣጣው ምላሳችን የተሠራው ስኳር ብርቅ በነበረበት ዘመን መሆኑ ነው። ዛሬ አንድ 330 ሚሊ ሊትር ኮላ 35 ግራም ገደማ ስኳር ይይዛል፤ በሻይ ማንኪያ ዘጠኝ ያህል ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ምክር በቀን 2,000 ካሎሪ ለሚበላ ሰው ሲሰላ ከ50 ግራም አይበልጥም። ለዚያውም ኮላው የሚጠጣው ቀዝቅዞ ነው። ቅዝቃዜ ጣፋጭነትን ይደብቃል። አንድ ጠርሙስ ከፍታችሁ ጠረጴዛ ላይ እርሱትና ሲሞቅ ቅመሱት፤ ያን ጊዜ ስኳሩ ራሱ ይናገራል።

ስብና ስኳር ሲገናኙ ደግሞ ሌላ ነው። ማንጎ ጣፋጭ ነው፣ ስብ የለውም ማለት ይቻላል። አቮካዶ ስብ አለው፣ ጣፋጭ ግን አይደለም። ቦምቦሊኖ ሁለቱንም ይዟል። እ.ኤ.አ. በ2018 የዬል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያሉበት አንድ ጥናት ሰዎች መክሰስ በጨረታ እንዲገዙ አድርጎ ነበር። በካሎሪ እኩል ከሆኑት ምግቦች ሰዎቹ ብዙ ለመክፈል የተዘጋጁት ስብና ካርቦሃይድሬት ለተቀላቀሉበት ነው። ታዲያ ኬክ ቤት በር ላይ እግሩ የሚጎተት ሰው ምን ያድርግ?

የተጠበሰን ከተቀቀለ ጋር ማወዳደር

ድንች ጥብስን ከተቀቀለ ካሮት ጋር ስናወዳድር የሚወዳደሩት ዘይትና ውሃ ናቸው። ውሃ ከሚፈላበት ሙቀት አያልፍም። አዲስ አበባ ላይ እንዲያውም ከተማዋ ከፍ ያለ ቦታ ስለሆነች 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። ምግብ ቡናማ የሚሆነውና ያ የጥብስ ሽታ በደንብ የሚመጣው ግን ከ140 ዲግሪ ገደማ ጀምሮ ነው። ሂደቱን እ.ኤ.አ. በ1912 የገለጸው ሉዊ ካሚል ማያር የሚባል ፈረንሳዊ ኬሚስት ስለነበር በስሙ ይጠራል። ቡና ሲቆላ ቤቱን የሚያውደው ሽታ ብዙው የሚመጣው ከዚሁ ነው።

ጥሬ ገብስን ማን ይነካዋል? ቆሎ ሲሆን ግን አንድ እፍኝ ብሎ ማቆም የለም። ቆሎ ላይ ስኳር የለም፣ ዘይትም አያስፈልገውም። የገብሱን ጥቅም አላጣም፤ የተጨመረለት እሳት ብቻ ነው። ካሮቱንም በጥቂት ዘይት ጠርዙ ቡናማ እስኪል ጥበሱትና ያኔ ፍርድ ስጡ።

ጤናማ ምግብን እንደ ቅጣት ማብሰል

በእኔ አስተያየት ትልቁ ስህተት ይኼ ነው። ሐኪም «ጨው ቀንስ» ያለው ሰው ቤት የሚቀርበው አልጫ ብዙ ጊዜ የሚጎድለው ጨው ብቻ አይደለም። ነጭ ሽንኩርቱም፣ ዝንጅብሉም፣ ትዕግሥቱም አብረው ይቀራሉ። ከዚያ በሽተኛው ሁለት ጉርሻ ጎርሶ ይገፋዋል። አይፈረድበትም።

የሚገርመው የእኛ ማዕድ ለዚህ መላ ካበጀ ቆይቷል። የኦርቶዶክስ ምእመን በዓመት 180 ቀን ገደማ ያለ ሥጋና ያለ ቅቤ ይኖራል። የጾም ወጥ ባይጣፍጥ ኖሮ ይህን ሁሉ ዘመን ማን ይችለዋል? ምስጢሩ ያለው ቁሌቱ ላይ ነው። ሽንኩርቱ ዘይት ሳይነካው ቀስ ብሎ ሲበስል የራሱ ስኳር ይወጣል፤ ድስቱ ሥር ሲይዝ ውሃ ጠብ እያደረጉ ማማሰል ነው። እዚህ ላይ የተቻኮለ ሰው በኋላ በዘይትና በጨው ሊያካክስ ይሞክራል።

አዚፋን ደግሞ አስቡ። ድፍን ምስር ተቀቅሎ፣ ሰናፍጭ፣ ሎሚ፣ ቃሪያና ሽንኩርት ይገባበታል። ቅባቱ ትንሽ ነው፤ አፍንጫ ግን ይሰነጥቃል። ሎሚ ያለበት ምግብ ጨው ቢያንስበትም አያስታውቅም።

ጨው ሙሉ በሙሉ ጠላት ነው ማለትም አይደለም። ጨው ምሬትን ያፍናል። ጎመን ላይ የገባች አንዲት ቁንጥር ጨው ጎመኑን ታስበላለች፤ ብስኩት ውስጥ የተደበቀው ጨው ግን ብስኩት ከማስጨመር በቀር ምን ሠራ? የዓለም ጤና ድርጅት ለቀኑ የሚፈቅደው ከ5 ግራም በታች፣ አንድ የሻይ ማንኪያ የማይሞላ ነው። ያችን ትንሽ ለአትክልት ማዋል ይሻላል። ዘይትም እንደዚሁ ነው። የበርበሬና የኮረሪማ ጠረን የሚወጣው በቅባት ነው፤ ጨርሶ ዘይት የሌለው ወጥ ቅመሙ የት እንደገባ አይታወቅም። አንድ ሁለት ማንኪያ ለዚህ ይበቃል። ወጡ ላይ የሚንሳፈፈው ዘይት ትርፍ ነው።

ጥቅል ጎመንን ደግሞ አብዝታችሁ አትቀቅሉት። ብዙ በተቀቀለ ቁጥር የድኝ ሽታ ያመጣል፤ ልጆች የሚሸሹት ያንን ነው።

«ለጤና ነው» ብሎ ማቅረብ

እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ የቴክሳስ ተመራማሪዎች ጥናት ላይ ሰዎች የማንጎ ላሲ የሚባለውን የህንድ የእርጎ መጠጥ ቀመሱ። ጤናማ እንዳልሆነ የተነገራቸው የበለጠ ጣፈጣቸው። መጠጡ ያው አንድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ የስታንፎርድ ተመራማሪዎች በአንድ ዩኒቨርሲቲ ካፌ አትክልቱን ሳይቀይሩ ስሙን ብቻ ቀያየሩት። ስሙ የሚያስጎመጅ በሆነባቸው ቀናት አትክልቱን የመረጡት ሰዎች በተራ ስም ከቀረበበት ጊዜ በ25 በመቶ በለጡ። «ስኳር የሌለበት» ዓይነት የጤና ስም ሲሰጠውማ ከሁሉም አነሰ።

እዚህም ሜኑ ላይ «ልዩ ክትፎ»፣ «ስፔሻል ጥብስ» ይባልና ታች ጥግ ላይ «አትክልት» ይላል። በቃ፣ አትክልት። ማን ያዘዋል?

ይህ አመለካከት የሁሉም አገር አይደለም። ፈረንሳይ ውስጥ ተመሳሳይ ጥናት ሲደረግ ሰዎቹ ጤናማ ያልሆነውን ምግብ ከጣዕም ማነስ ጋር ነው ያያያዙት። የተለመደ አስተሳሰብ ነው እንጂ የምላስ ሕግ አይደለም ማለት ነው።

በ«ጾም ነው» እና በ«ጁስ ነው» መታለል

አጭር ነው። ሳንቡሳ ጾም ነው፤ ዘይት ጠጥቷል። ስፕሪስ ፍራፍሬ ነው፤ ስኳር ከተጨመረበት ግን የሚያጣፍጠው ማን እንደሆነ መጠየቅ አለብን። ሳይጨምሩ ማዘዝ ይቻላል።

ጥፋቱን ሁሉ በጣዕም ላይ መጫን

ብዙ የምንበላው ስለጣፈጠን ብቻ ይመስለናል። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ አንድ ሙከራ ይህን አጠራጣሪ አድርጎታል። በጊዜው የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም ተመራማሪ የነበረው ኬቪን ሆልና ባልደረቦቹ 20 ሰዎችን ለአራት ሳምንት ተቋሙ ውስጥ አስቀመጡ። ሁለቱን ሳምንት በፋብሪካ እጅግ የተቀነባበረ ምግብ፣ ሁለቱን ሳምንት ብዙም ያልተነካካ ምግብ አቀረቡላቸው። የቀረበው በካሎሪ፣ በስኳር፣ በስብ፣ በጨውና በፋይበር ተመጣጣኝ ነበር። የፈለጉትን ያህል ብሉ ተባሉ። በተቀነባበረው ምግብ ጊዜ በቀን 500 ካሎሪ ገደማ አስበልጠው በሉ፤ ክብደታቸውም አንድ ኪሎ ሊሞላ ትንሽ እስኪቀረው ጨመረ። ስለ ጣዕሙ ሲጠየቁ ግን ለሁለቱም የሰጡት ነጥብ ተቀራራቢ ነው።

አንዱ ልዩነት ፍጥነት ነበር። የተቀነባበረው ለስላሳ ስለሆነ ቶሎ ይዋጣል፤ ሆድ «በቃኝ» ሳይል ሰሃኑ ያልቃል። ስለዚህ ብስኩትን በገብስ ቆሎ፣ ጁስን በፍሬው መተካት ጣዕም መሠዋት አይደለም። ጥርስን ማሠራት ነው።

በሦስተኛው ቀን መፍረድ

ሻይ ላይ ሦስት ማንኪያ ስኳር የለመደ ሰው በአንድ ጊዜ ቢተወው ሻዩ ሞቅ ያለ ውሃ ይሆንበታል። በሦስተኛው ቀን ይመለሳል። ምላስ ይለምዳል፣ ግን ጊዜ ይፈልጋል። ጨው የቀነሱ ሰዎች ላይ እንደታየው ጥቂት ሳምንታት፣ አንዳንዴም ሁለት ሦስት ወር ይወስዳል። ከዚያ በኋላ የድሮው መጠን ራሱ ይጨማቸዋል። ግማሽ ማንኪያ እየቀነሱ መሄድ ያዋጣል።

ልጆች ላይ ደግሞ የባሰ እንቸኩላለን። አንድ ቀን ጎመን ቀርቦለት ከተፋ «አይወድም» ተብሎ ይመዘገብበታል። ልጅ አንድን አትክልት ለመቀበል ስምንት፣ አሥር፣ አንዳንዴም አሥራ አምስት ጊዜ መቅመስ ሊያስፈልገው ይችላል። ጣዕም ማስለመድ እንዲያውም ከማኅፀን ይጀምራል። እ.ኤ.አ. በ2001 በወጣ ጥናት እናቶቻቸው በእርግዝና ወይም በማጥባት ጊዜ የካሮት ጭማቂ የጠጡላቸው ሕፃናት፣ ካሮት ያለበትን ምግብ ሲቀምሱ ፊታቸውን ያን ያህል አላኮማተሩም።

«ጎመኑን ከጨረስክ ከረሜላ እሰጥሃለሁ» ማለት ደግሞ ለልጁ ከረሜላው ሽልማት፣ ጎመኑ ቅጣት መሆኑን ማስተማር ነው። ሰሃኑ ጥግ ላይ ትንሽ ማስቀመጥ፣ አጠገቡ ሆኖ ራስ በደንብ መብላት፣ ካልነካው ዝም ብሎ ማንሳት ይበቃል። በሌላ ቀን ደግሞ በሎሚና በቃሪያ ሳይሆን በነጭ ሽንኩርት አቁላልቶ ማቅረብ ነው፤ ቃሪያው ገና ነው።