ስለ ጣና ስትጽፉ ክርክራችሁን የሚያበላሹ ስህተቶች

ባሕር ዳር ውስጥ ጣና ሐይቅን ስለወረረው የውሃ አረም፣ ስለ እምቦጭ፣ የማይከራከር ሰው ማግኘት ይከብዳል። ጉዳዩ ሆድ ያባባል፤ ሊያባባም ይገባል። ችግሩ አቤቱታ ልንጽፍ ስንቀመጥ ንዴታችን ማስረጃ መስሎ ይታየናል። እምቢ ለማለት ሰበብ ለሚፈልግ ኃላፊ ደግሞ አንድ የተሳሳተ ዓረፍተ ነገር ይበቃዋል።

ሰውየውን መዝለፍ። አንዱ «አረሙን ለማስወገድ ማሽን ብቻውን አይበቃም» ሲል «አንተ ጣናን የት ታውቀዋለህ!» እንለዋለን። አወቀውም አላወቀውም፣ የእምቦጭ ዘር ጭቃ ውስጥ ለዓመታት ቆይቶ ይበቅላል። መልስ የሚፈልገው ይሄ ነው።

«ከዚያ በኋላ ሆነ፣ ስለዚህ በዚያ ምክንያት ሆነ።» ከሁሉም የሚከፋው ይሄ ነው፤ እውነት ይመስላላ! እምቦጭ ጣና ላይ መታየቱ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ዩኔስኮ ጣናን በባዮስፌርነት፣ ማለትም ተፈጥሮ ተጠብቆ ሰውም የሚኖርበት ስፍራ አድርጎ፣ የመዘገበው በ2015 ነው። ከዚያ በኋላም አረሙ ተስፋፋ። ታዲያ «ጉድ ያደረገን ምዝገባው ነው» የሚል ሰው አይጠፋም። ዓመቱ መከታተሉ ብቻ ምንም አያስረዳም። አንዱ ሌላውን እንዴት እንዳመጣ ማሳየት አለባችሁ። ከእርሻ የታጠበ ማዳበሪያና የከተማ ፍሳሽ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ይዘው ሐይቁ ይገባሉ። አረሙ እነሱን ይመገባል፤ ከተመቸው በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ ይሆናል። ውሃውን ሲሸፍነው ብርሃን ይከለክላል፣ ኦክስጅን ይቀንሳል፣ ዓሣው ይጎዳል። እንዲህ ተያይዞ ሲቀርብ ተቃዋሚያችሁ የቱን ማያያዣ እንደሚጠራጠር ለይቶ ለመናገር ይገደዳል።

ሁለት ምርጫ ብቻ መስጠት። «በእጅ ነው በማሽን?» ሌላ የለም እንዴ? ቪክቶሪያ ሐይቅ ላይ አረሙን የሚበሉ ጥቃቅን ጢንዚዛዎች ተለቀዋል። ፍሳሹን ከምንጩ መቀነስም አለ።

የሌላውን ሐሳብ አጣሞ መመለስ። «መጀመሪያ ይጠና» ያለውን ሰው «ጣና ይድረቅ አለ» ማለት ነውር ነው። በዚያ ላይ፣ እሱን የሚያውቅ አንባቢ ከዚያች መስመር በኋላ አያምናችሁም።

ስሜትን በደፈናው መጻፍ። በስሜት ማሳመን ሐፍረት የለውም፤ አሪስቶትልም ከተናጋሪው ማንነትና ከአመክንዮ ጋር የማሳመኛ መንገድ አድርጎ ቆጥሮታል። ግን «ጣና እያለቀሰ ነው» የሚለውን ሁሉም ጽፎታል። ይልቅ ደምቢያ በኩል ያለውን ዓሣ አስጋሪ አሳዩን። መረቡን ሲስብ ላባ የመሰለ ጥቁር ሥር ተጠላልፎበት ይወጣል። ጠዋቱን ሙሉ ሥር ሲለቅም ያረፍዳል። ታንኳው አረሙን ጥሶ አይሄድም።

ከዚያ ጥያቄያችሁን ጻፉ። ደብዳቤው ለከተማ አስተዳደሩ ከሆነ፣ የትኛው ቦይ ፍሳሹን ወደ ሐይቁ እንደሚለቅ በስሙ ጥሩና እንዲዘጋ ጠይቁ።