የ1951ዱን «ስክሩጅ» በሥነ ጽሑፍ ዓይን ለመተንተን

በ1951 እ.ኤ.አ. ብራያን ዴዝመንድ ኸርስት ያዘጋጀው፣ አላስቴር ሲም በመሪነት የተወነበት ይህ ጥቁርና ነጭ ፊልም የተመሠረተው በቻርልስ ዲከንስ የ1843 የገና ልቦለድ ላይ ነው። በታሪኩ ንፉጉን ነጋዴ ስክሩጅን በገና ዋዜማ ሦስት መናፍስት ይጎበኙታል፤ የመጀመሪያው ያለፈውን፣ ሁለተኛው የአሁኑን፣ ሦስተኛው የሚመጣውን ያሳዩታል። ፊልሙ ለትንተና የሚመቸው የስክሩጅ ልብ ለምን እንደደነደነ ከመጽሐፉ አስፍቶ ስለሚያሳይ ነው።

ርዝመቱ 86 ደቂቃ ገደማ ስለሆነ ሁለት ጊዜ እዩት፤ መጀመሪያ ሳታቋርጡ፣ ቀጥሎ እያቆማችሁ። ደብተር ላይ አራት ዓምድ አስምሩ፦ ደቂቃ፣ የታየው፣ የተሰማው፣ ትርጉሙ። የመጨረሻውን ዓምድ ፊልሙ ሳያልቅ አትሙሉት። ቀድማችሁ ከሞላችሁት ግምታችሁን የሚደግፈውን ብቻ ስትለቅሙ ሌላው ያመልጣችኋል።

ለመቼት፣ ማለትም ታሪኩ ለሚፈጸምበት ጊዜና ቦታ፣ «ለንደን፣ የገና ዋዜማ» ብሎ መጻፍ አይበቃም። የ1834ቱ የእንግሊዝ የድሆች ሕግ ችግረኛውን ወደ ድሆች የሥራ ቤት፣ ማለትም መጠለያና ምግብ በከባድ ሥራ ወደሚገኝበት ተቋም፣ ይገፋ ነበር። ስክሩጅ እርዳታ ለሚያሰባስቡት ሰዎች እስር ቤቱና የሥራ ቤቱ የት ሄደ ብሎ ሲመልስ በዚያ ሕግ ተከልሎ ነው። ሁለተኛው መንፈስ ያንኑ ቃል መልሶ ሲወረውርበት ምጸቱ ይወለዳል።

ለገጸ ባሕርይ የምግብ ቤቱን ትዕይንት ያዙ። ስክሩጅ ዳቦ እንዲጨመርለት ያዛል፤ አስተናጋጁ ግማሽ ፔኒ ተጨማሪ እንደሚያስከፍል ሲነግረው ይተወዋል። ንፍገቱ ለራሱ ሆድም እንደማይራራ ያለ ተራኪ ገባን። ይህን ከመጨረሻው ትዕይንት ጋር አጣምሩት፦ የቤት ሠራተኛውን የወይዘሮ ዲልበርን የሳምንት ደመወዝ ከ2 ሺሊንግ ወደ 10 ያሳድገዋል። ለውጡን በቅጽል ከመግለጽ በእነዚህ ቁጥሮች ማሳየት ይሻላል።

ትልቁን ቦታ ለምልሰቱ፣ ማለትም ታሪኩ ወደ ኋላ ተመልሶ ያለፈውን ለሚያሳይበት ክፍል፣ ስጡ። እህቱ ፋን ፍሬድን ወልዳ ስትሞት ልጄን አደራ ያለችው ስክሩጅ ከክፍሉ ከወጣ በኋላ ነበር። አደራውን የሚሰማው የመጀመሪያው መንፈስ ወደዚያ ጊዜ መልሶ ሲያመጣው ነው። ብዙ ሰው የታሪኩን መዞሪያ ሦስተኛው መንፈስ ለስክሩጅ በሚያሳየው የራሱ መቃብር ላይ ያደርገዋል፤ መቃብሩ ግን ፍርሃት ነው፣ ጸጸቱ የሚጀምረው እዚህ ነው። ጆሯችሁንም ስጡ፦ ከፋን ጋር ባለበት የሚሰማው የ«ባርባራ አለን» ዜማ ስክሩጅ በገና ዕለት ፍሬድ ቤት ሲገባ ይዘፈናል። አደራው እንደተፈጸመ የሚነግረን ዜማው ነው።

ስህተት የሚበዛው ሦስቱንም መናፍስት «ምልሰት» ብሎ በመጥራት ነው። ምልሰት የመጀመሪያው ብቻ ነው። ሁለተኛው በዚያው ጊዜ ሌላ ቦታ የሚሆነውን ያሳያል፤ ስለ ትንሹ ቲም፣ ስለ ስክሩጅ ጸሐፊ ሕመምተኛ ልጅ፣ ሞት ማስጠንቀቁ ደግሞ ንግር፣ ማለትም የሚመጣውን ቀድሞ መጠቆም፣ ነው። ጭብጥንም «ደግነት» ብላችሁ በአንድ ቃል አትዝጉት፤ ማን፣ በምን ምክንያት፣ ወደ ምን እንደተለወጠ የሚናገር ሙሉ ዓረፍተ ነገር አድርጉት።

ፊልሙን ከመጽሐፉ ጋር አታደባልቁ። በፊልሙ ወጣቱን ስክሩጅ ወደ ራሱ ንግድ የሚስበው አቶ ጆርኪን መጽሐፉ ውስጥ የለም፤ የስክሩጅ እጮኛ በፊልሙ አሊስ፣ በመጽሐፉ ቤል ናት፤ ፋን እንዴት እንደሞተችም መጽሐፉ አይተርክም። ስለዚህ ስለ አደራው ስትጽፉ ማስረጃችሁ ፊልሙ መሆኑን ከነደቂቃው ጥቀሱ።