የተኛ እግርና የቆመ እግር አንድ አይደለም፦ እግርና ቁርጭምጭሚት ራጅ ላይ የምንሰራቸው ስህተቶች

ድሬ ራጅ ክፍል ውስጥ ነው የምሰራው፣ ይሄን የምጽፍላችሁ ለተመራቂ ራዲዮግራፈሮችና «ስለ ጠፍጣፋ እግር ሪሰርች ልንሰራ ነውና ፊልም ሰብስብልን» ለሚሉኝ ሐኪሞች ነው፣ ታካሚም ቢያነበው አይጎዳውም። ድሬ ሽማግሌውንም አንተ ነው የምንለው ስለዚህ በአንተ ብጽፍ አትቀየሙኝ።

አስተኝቶ አንስቶ አንግል መለካት

ይሄኛው ላይ ረዘም አርጌ አወራለሁ ምክንያቱም ሌላው ሁሉ እዚህ ላይ ነው የሚቆመው። እግር አልጋ ላይ ተዘርግቶ የሚያሳይህ ቅርጽና የሰውየው ክብደት ወርዶበት የሚያሳይህ ቅርጽ ይለያያል፣ ሲቆም የውስጥ እግሩ ቅስት ይወርዳል፣ ተረከዙ ወደ ውጪ ያዘነብላል፣ የአውራ ጣቱም አቀማመጥ ይቀየራል። ተኝቶ «ደህና» የመሰለ እግር ቆሞ ፍጹም ጠፍጣፋ ሲሆን አይተናል።

ስራ የጀመርኩ ሰሞን አንድ ባጃጅ ነጂ ልጅ ጉድጓድ ውስጥ ረግጦ የመሀል እግሩ አብጦ መጣ፣ አስተኝቼ አነሳሁትና ፊልሙን አይቼ «ምንም የለህም ወንድሜ፣ ወለምታ ነው» አልኩት፣ መናገርም አልነበረብኝም በነገራችን ላይ። ወጌሻ ጋ ሲታሽ ከርሞ ከወር በኋላ እያነከሰ ተመለሰ፣ ሲኒየሬ አቁሞ ቢያነሳው የመጀመሪያውና የሁለተኛው ሜታታርሳል (ከአውራ ጣት ጀምሮ የሚቆጠሩት፣ ጣቶቹን የሚሸከሙ ረጃጅም አጥንቶች) መነሻቸው ላይ መሃላቸው ተከፍቶ ቁጭ ብሏል። ሊስፍራንክ የሚባለው ጉዳት ነው፣ 2 ሚሊሜትር ክፍተት እንኳን ቀልድ አይደለም፣ ተኝቶ ደግሞ ክፍተቱ ሊገጥምና ሊደበቅ ይችላል። ያ ልጅ አሁንም ከዚራ ሲያገኘኝ «ዶክተር ወለምታ» ነው የሚለኝ።

ታዲያ «ማሽናችን ወደ መሬት አይወርድም» የሚል ሰበብ እሰማለሁ። እሱ እውነት ነው ግን ማሽኑ ካልወረደ ሰውየውን ከፍ ማድረግ ነዋ! አናጢ ጋ ሄደህ ጠንካራ ሳጥን ታሰራለህ፣ መሃሉ ላይ ካሴት (የፊልሙ መያዣ) የሚገባበት ስንጥቅ፣ ጎኑ ላይ ሽማግሌ የሚይዘው መደገፊያ፣ በቃ። ለጎን ፊልም ጨረሩ ከወለሉ ጋር ትይዩ ይሆናል፣ ከላይ ለሚነሳው ደግሞ ጨረር የሚወጣበትን ቱቦ ወደ ተረከዙ 15 ዲግሪ ገደማ ታዘነብላለህ።

መቆም ስል ደግሞ እውነተኛ መቆም ነው፣ ሰው የሚያመውን እግር ሳይታወቀው ያቀለዋል፣ ክብደቱን ደህነኛው ላይ ጥሎ ይቆምልሃል። እኔ «አባባ ባጃጅ እንደምትጠብቅ ሆነህ ቁም» ነው የምለው፣ ያኔ ትከሻው ይወርዳል ሁለቱም እግር እኩል ይረግጣል። አጥንቱ እንደተሰበረ የሚያስፈራ፣ ጭራሽ መርገጥ ያቃተው ሰው ግን ቁም ተብሎ አይገደድም፣ እሱን አስተኝተህ አንሳው።

ልኬቱ ላይ ስንመጣ፣ በጎን ፊልም የታለስን (ከተረከዝ አጥንት በላይ የተቀመጠው የቁርጭምጭሚት አጥንት) መሃል መስመርና የመጀመሪያውን ሜታታርሳል መስመር ስታሰምር ቀጥ ብለው መግጠም አለባቸው (ሚሪ አንግል ይሉታል)፣ ከ4 ዲግሪ በላይ ወደ ታች ከተሰበረ ወደ ጠፍጣፋው፣ ወደ ላይ ከተሰበረ ቅስቱ ወደበዛው እግር ነው። የተረከዝ አጥንት ደግሞ ከወለሉ ጋር ያለው አንግል ነው የሚለካው፣ ወለል በሌለበት ፊልም ከምን ጋር ልትለካው ነው እንግዲህ?

እግሩን አንስቶ ቁርጭምጭሚቱን መርሳት

ተረከዝ ሲያዘነብል ጥፋቱ ከተረከዙ በላይ ካለው ከቁርጭምጭሚቱ መገጣጠሚያ ሊሆን ይችላል፣ ስለዚህ ቁርጭምጭሚቱንም አቁመህ፣ እግሩን ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ወደ ውስጥ አዙረህ አንሳ። ተረከዙ ከቅልጥሙ አንጻር የት እንዳረፈ ለማየት ደግሞ ከኋላ 20 ዲግሪ ወደ ታች አዘንብሎ የሚነሳ ፊልም አለ፣ በፈረንጆቹ 1995 ሳልዝማንና ኤል ኩሪ ያሳተሙት፣ ካሴቱንም በዚያው ልክ ማጋደል ነው ዋናው።

አራስ ልጅን እንደ ትንሽ አዋቂ ማንበብ

ከሐረር ለአራስነት እናቷ ጋ ድሬ የወረደች ልጅ የሶስት ሳምንት ህጻን ታቅፋ መጣች፣ ሁለቱም እግሩ ቆልማማ ነው፣ ወረቀቱ ላይ «ራጅ ተነስቶ ይምጣ» ይላል። ራጁ ምን ይጨምራል? የህጻን እግር አብዛኛው ገና ልም አጥንት ነው፣ ልም አጥንት ደግሞ ራጅ ላይ አይታይም፣ ናቪኩላር የሚባለው የመሃል እግር አጥንት ሁለት ሶስት ዓመት አካባቢ ነው አጥንት ሆኖ ብቅ የሚለው። ያልታየ አጥንት የለም ማለት አይደለም። ቆልማማ እግር በአይንና በእጅ ነው የሚታወቀው፣ ህክምናውም የፖንሴቲ ዘዴ ነው፣ በየሳምንቱ እያስተካከሉ ጀሶ ማሰር፣ ብዙዎቹ ላይ ከዚያ የተረከዙን ጅማት በትንሹ መቁረጥ፣ ቀጥሎ ዘንግ ያለው ጫማ፣ መጀመሪያ ሶስት ወር ሙሉ ቀን ማለት ይቻላል፣ ከዚያ ማታ ማታ እስከ አራት ዓመት ገደማ። «እህቴ ራጁ ይቆይሽና ጀሶ የሚያስረው ሐኪም ጋ ዛሬውኑ ሂጂ» አልኳት፣ ለላካት ሐኪምም ደወልኩለት፣ ደስ አላለውም ግን ሰማ።

ጠፍጣፋ እግር ያላቸው ትንንሽ ልጆችም እንደዚያው፣ በዚያ እድሜ ጠፍጣፋ መሆን የተለመደ ነው። ጣቱ ላይ ሲቆም ቅስቱ ከታየና ካላመመው ፊልም አያስፈልገውም። ግትር ሆኖ የሚያመው፣ አስር ምናምን ዓመት የሆነው ልጅ ነው የሚያሳስበው፣ እሱ ሁለት አጥንቶች ተጣብቀውበት ሊሆን ስለሚችል እግሩ 45 ዲግሪ ተጋድሎ የሚነሳ ፊልም ይጨመርለት፣ አንዳንዱ መጣበቅ ደግሞ ሲቲ ስካን ካልሆነ በደንብ አይታይም።

ትርፍ አጥንትን ስብራት ማለት

ታለስ ጀርባ ላይ ወይ ናቪኩላር ጎን ለብቻዋ የተቀመጠች ክብ፣ ጠርዟ ለስላሳ የሆነች አጥንት ብዙ ጊዜ አብራ የተፈጠረች ናት። ታዳጊ ላይ ደግሞ አምስተኛው (የትንሿ ጣት) ሜታታርሳል መነሻ ላይ ያለው መስመር በአጥንቱ ርዝመት ከሄደ የእድገት ነው፣ አቋርጦት ከሄደ ስብራት ነው። ሌላኛውን እግር አንስተህ አወዳድር።

የስኳር በሽተኛን እግር «ራጁ ንጹህ ነው» ብሎ መሸኘት

ይሄ ነው የሚያበሳጨኝ። ስኳር ያለበት ሰው አንድ እግሩ ቀልቶ፣ አብጦ፣ ከሌላኛው ይልቅ ሞቆ ይመጣል፣ ስሜቱ ስለቀነሰ ብዙም አላመመውም፣ ራጁ ደህና ይመስላል፣ ኢንፌክሽን ነው ተብሎ አንቲባዮቲክ ይዞ እየረገጠ ይሄዳል። ሻርኮ የሚባለው የእግር መፈራረስ ሲጀምር ራጅ ላይ ላይታይ ይችላል፣ ኤምአርአይ ቀድሞ ያሳየዋል። ኤምአርአይ ከሌለ ደግሞ እግሩን ከመርገጥ ማሳረፍ፣ ጀሶ ማድረግና ፊልሙን ከሳምንታት በኋላ መድገም ነው፣ «ንጹህ» በተባለበት ወር ሲረግጠው የከረመ እግር መሃሉ ወደ ታች ጎብጦ ነው የሚመለሰው።

በስልክ ከተነሳ ፊልም ላይ መለካት

ለሪሰርች ብለው ፊልሙን መስኮት ላይ ለጥፈው ፎቶ አንስተው በቴሌግራም ይልካሉ፣ ስልኩ ትንሽ ካጋደለ አንግሉም ይዛባል፣ አንዳንዱማ ተገልብጦ ቀኙ ግራ ይሆናል። የብረቷን የቀኝና የግራ ምልክት ፊልሙ ሲነሳ አስቀምጣት፣ በኋላ በእስክርቢቶ አትጻፍ። አንድ ሰው አንዴ ለክቶ የሞላውን ሰንጠረዥም አላምነውም፣ ሁለት ሰው ሳይተያይ ይለካ፣ አንዱም ከሁለት ሳምንት በኋላ የድሮውን ሳያይ ይድገመው፣ ሁለት ሶስት ዲግሪ ከእጅ ብቻ ይመጣልና «ተሻሻለ» ከማለትህ በፊት ያንን እወቅ።

ሲቲ ስካን ይሻላል የምትሉኝም አላችሁ። ለስብራትና ለተጣበቀ አጥንት አዎ፣ ግን እሱም ተኝተህ ነው የምትገባው፣ ቆመህ የምትነሳበት ሲቲ ለብቻው የተሰራ ሌላ ማሽን ነው። እኛ ጋ ያለው የአናጢው ሳጥን ነው፣ ባለፈው ሳምንት አንድ እግሩ ላልቶ ሚስማር ጨምረንለታል።