ከጉዳት በኋላ ወደ ሥራ የሚመለስን ደንባራ ፈረስ ሲይዙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከቁስል ወይም ከስብራት ያገገመ ፈረስ እንደገና ኮርቻ ሲጫንበት ወይም ጋሪ ሲጠመድ፣ ቀድሞ ጭምት የነበረው እንስሳ ሲደነብር፣ ጆሮውን ወደ ኋላ ሲያስተኛና ሲራገጥ ማየት የተለመደ ነው። ሰውም ፈረሱም በዚህ ወቅት ዳግም እንዳይጎዱ የሚከተሉትን ስህተቶች ማስወገድ ይገባል።

ከሁሉም የከፋው ስህተት ፍርሃቱን እንደ እምቢተኝነት ቆጥሮ አለንጋ ማንሣት ነው። ኮርቻ ሲቀርብለት የሚሸሽ ፈረስ ብዙውን ጊዜ የሚሸሸው ጀርባው አሁንም ስለሚያመው ወይም የቀድሞውን ሕመም ስላልረሳ ነው፤ ይህን ለመለየት ደግሞ እጅን የመሰለ መሣሪያ የለም። ከትከሻው ጀምረው እስከ ወገቡ ድረስ በመዳፍዎ ቀስ እያሉ ሲዳብሱት፣ አንድ ቦታ ላይ ሲደርሱ ቆዳው ቢርገበገብ፣ ጀርባውን ዝቅ ቢያደርግ ወይም ለመንከስ ቢዞር፣ ቁስሉ ከላይ ቢሽርም ከውስጥ አልዳነ ይሆናል። የተጎዳውንም እግር ከጤነኛው ጋር እያነጻጸሩ ይዳስሱት፤ ሙቀትና እብጠት ካለው ፈረሱ ለሥራ አልደረሰምና የእንስሳት ሐኪም ይየው። ጆሮውን ጠምዝዞ ማስቆም በየቦታው የሚታይ ልማድ ቢሆንም፣ ትርፉ ሉጋም ሊያገቡለት በቀረቡ ቁጥር ራሱን ሽቅብ የሚወረውር ፈረስ ነው።

የቀድሞውን ኮርቻ ሳይፈትሹ መጫንም ሌላው ስህተት ነው። ለወራት ያልሠራ ፈረስ የጀርባው ጡንቻ ስለሚቀንስ፣ ያኔ ልክ የነበረው ኮርቻ ዛሬ አጥንቱ ላይ ሊያርፍ ይችላል፤ በላብና በአቧራ የደረቀ ግላስ ወይም የደረት ማሰሪያ ደግሞ አዲስ የበቀለውን ቆዳ እንደ ሞረድ ይፍቀዋል። ያለልክ ያደገ ሰኮናም አስቀድሞ መስተካከል አለበት።

መቸኮል ብዙ ባለቤቶችን የሚፈትን ስህተት ነው፤ ምክንያታቸውም ለመረዳት አያስቸግርም። በአዊ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን የሚከበረው የአገው ፈረሰኞች በዓል ሲቃረብ ፈረሱን ጋጣ ውስጥ ማስቀረት ለጋላቢው ይከብደዋል፤ ለባለጋሪው ደግሞ ፈረሱ የቆመበት ቀን ሁሉ ገቢ የሌለበት ቀን ነው። ይሁን እንጂ የተጎዳ ጅማት ማንከሱ ከጠፋ በኋላም ገና ደካማ ነው፤ ጉዳቱ ከባድ ከነበረ ጥንካሬውን ለመመለስ 9 ወር፣ አንዳንዴም 1 ዓመት ሊፈጅ ይችላል። ስለዚህ ፈረሱን መጀመሪያ ሳይጫኑት በገመድ እየመሩ በደልዳላ መሬት ለ10 ደቂቃ ያህል ማራመድ፣ ጊዜውን በየሳምንቱ ጥቂት በጥቂት መጨመር፣ ሐኪም ሲፈቅድ ወደ ሶምሶማ፣ ግልቢያውንም እስከ መጨረሻው ማቆየት ይገባል። የጋሪ ፈረስ ከሆነ ባዶ ጋሪ እየጎተተ የመንኮራኩሩን ድምፅ ይልመድ እንጂ በመጀመሪያው ቀን ተሳፋሪ አይጫንበት። ልምምዱን በገበያ ቀን ባጃጅ በሚርመሰመስበት አስፋልት ላይ መጀመር ለደንባራ በቅሎ ቃጭል መጨመር ነው፤ ይልቁንስ ጭምት የሆነ ሌላ ፈረስ ከጎኑ ቢሄድ ብዙ ያረጋጋዋል።

አቀራረብና አያያዝ ላይ የሚፈጸሙ ስህተቶች ደግሞ በቅጽበት አካል ያጎድላሉ። ፈረስ ዓይኖቹ በጎንና በጎን ስለሆኑ ሰፊ አካባቢ ቢያይም፣ ከጭራው በስተ ኋላና ከግንባሩ ፊት ለፊት በቅርብ ያለውን አያይም፤ በመሆኑም ድምፅዎን እያሰሙ በትከሻው በኩል ይቅረቡ። ገመዱን በእጅዎ ላይ ፈጽሞ አይጠምጥሙት፤ ፈረሱ ድንገት ቢፈረጥጥ ጣት ይቆርጣል፣ ሰውም ይጎትታል። ትርፉን አጣጥፈው በመዳፍዎ ይያዙት።

በመጨረሻም፣ እንዲበረታ በሚል በዕረፍቱ ወቅት ገብስ ማብዛት አይገባም። ሥራ የፈታ ፈረስ እህል ሲበዛለት ይቅበጠበጣል፤ ሥራ በጀመረበት ቀንም ጡንቻው ሊጨመደድ ይችላል። ስለዚህ እስኪሠራ ድረስ ዋና ቀለቡ ድርቆሽ ይሁን፤ እህሉ ሥራው ሲጨምር እየታየ ይጨመራል። በልምምድ መሐል ጡንቻው በድንገት ቢደርቅ፣ ላብ ቢያጠምቀው ወይም ሽንቱ ቢጠቁር ግን አንድም እርምጃ ሳያስኬዱ እዚያው አቁመው ሐኪም ይጥሩ።