በአዳማ ሙቀት የጎማ ንፋስ አይቀነስም

«ሙቀት ነው፣ ትንሽ አስተንፍሰው» የሚለውን ምክር አዳማ ውስጥ መኪና የያዘ ሁሉ ሰምቶታል። አትስሙት። ንፋስ ያነሰው ጎማ ሲሽከረከር ጎኑ እየታጠፈ እየተዘረጋ ይሄዳል፤ የሚያግለውም ይኸው መታጠፉ ነው። ከአዲስ አበባ እስከ አዳማ በፈጣን መንገዱ 85 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ሲበር ውስጡ ያለው ክር ከላስቲኩ ሊላቀቅ ይችላል። ከዚያ ይፈነዳል።

ጠዋት 32 የነበረው ንፋስ አዳማ ስትደርሱ 36 ሆነ
ምክንያት፦ አየር ሲሞቅ ግፊቱ ይጨምራል፤ በየ5 ወይም 6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ 1 ፒኤስአይ (የጎማ ንፋስ የሚለካበት የግፊት መለኪያ) ያህል።
መፍትሄ፦ አትንኩት። አሁን ወደ 32 ብታስተነፍሱት ሲቀዘቅዝ 28 ላይ ታገኙታላችሁ። የሚለካው ጠዋት ነው፣ መኪናው ሳይነዳ። ትክክለኛው ቁጥር የሾፌሩ በር ሲከፈት የሚታየው ወረቀት ላይ አለ። ጎማው ጎን ላይ የተጻፈው የመጨረሻው ጣሪያ ነው፤ እዚያ ድረስ የሚሞሉ ጎሚስታዎች አሉ።

ጎማው እኩል አልተበላም
ሁለቱም ጠርዝ አልቆ መሃሉ ከቀረ ንፋስ ያንሰዋል። መሃሉ ብቻ ካለቀ በዝቶበታል። አንድ ጠርዝ ብቻ ከሆነ ግን ንፋሱን ተዉት፣ አላይመንት (የጎማዎቹን አቀማመጥ ማስተካከል) አሠሩ።

አንዱ ጎማ ብቻ በየሳምንቱ ይጎድላል
መጀመሪያ ቫልቩ ላይ ምራቅ ቀቡበት። አረፋ ካወጣ ቫልቩ ነው፣ ይቀየራል፣ በጥቂት ብር ትገላገላላችሁ። ካላወጣ የሳሙና ውሃ መሬት የሚረግጠው ላይና የቸርኬው ዙሪያ አፍስሱ። ብዙ ጊዜ ሚስማር ነው፤ አንዳንዴ ጉድጓድ ያጣመመው ቸርኬ። መሬት የሚረግጠው ላይ ያለ ትንሽ ቀዳዳ ይለጠፋል። ጎኑ ላይ ከሆነ አይለጠፍም፣ ጎሚስታው ምንም ቢምል።

ጎኑ ላይ እንደ እንቁላል አብጧል
ምክንያት፦ ጉድጓድ ወይም የእግረኛ መንገድ ጠርዝ መትቶት የውስጡ ክር ተበጥሷል። አሁን ንፋሱን የያዘው ስስ ላስቲክ ብቻ ነው።
መፍትሄ፦ ማስተንፈስም ከውስጥ መለጠፍም አያድነውም። እዚያው ቆማችሁ ስኮርታ ጎማ ግጠሙ፣ ያበጠውን ጣሉት። ስኮርታው ራሱ ንፋስ እንዳለው ግን አስቀድማችሁ ለኩ፤ የአብዛኛው ሰው ስኮርታ መኪናው ከተገዛ ጀምሮ የሚያየው የለም።