ቀለሁን ሳትለኩ ዳይ አትግዙ

ከጥቂት ዓመታት በፊት ጋራዤ ውስጥ ሦስት የቀለህ አንገት ማጥበቢያ ዳዮች ተደርድረው ነበር። ሦስቱም ለ.308 ዊንቸስተር የጠመንጃ ጥይት። አንዱን ገዝቼ ዒላማው ላይ ለውጥ ሳጣ ሁለተኛውን፣ እሱም እንደዚያው ሲሆንብኝ ሦስተኛውን ጨመርኩ። አንድ ቅዳሜ፣ እዚሁ ኮሎራዶ ከእኔ በፊት ብዙ ዓመት ቀለህ መልሰው ሲሞሉ የኖሩ ጋሼ ቡና ሊጠጡ መጡ። ዳዮቹን አየት አደረጉና “አንተ ልጅ፣ ለመሆኑ ቀለህህን ለክተኸዋል?” አሉኝ።

“አይ ጋሼ፣ አልለካሁም።”

“ታዲያ ምን ለማጥበብ ነው ይሄን ሁሉ ብረት የሰበሰብከው?”

መልስ አልነበረኝም። ካሊፐሩ፣ ማለትም የልክ መለኪያው፣ ገና ከካርቶኑ አልወጣም ነበር። ይሄን የምጽፈው እንደ እኔ ገንዘቡን አስቀድሞ፣ ልኬቱን ለኋላ ላስቀመጠ ሰው ነው።

መጀመሪያ በቃላት እንግባባ። ጥይት ስል ሙሉውን ነው። ቀለህ የነሐሱ ቤት ነው፤ አረር ደግሞ ከፊቱ ተሰክቶ የሚበረው። ቀለሁ አንገት አለው፣ ከአንገቱ በታች ትከሻ አለው። ዳይ ደግሞ ፕሬስ በሚባል የእጅ መጫኛ ላይ ታስሮ ቀለሁን ወደ ልኩ የሚጨምቅ ብረት ነው። “ሺኛ” ስል ከአንድ ኢንች አንድ ሺኛውን ማለቴ ነው፤ 0.025 ሚሊሜትር ገደማ። የራስ ፀጉር እንኳ ከዚያ ይወፍራል።

ጥይት ሲተኮስ ቀለሁ ይነፋና የጠመንጃውን ቻምበር፣ ማለትም ጥይቱ የሚቀመጥበትን ክፍል፣ ቅርጽ ይይዛል። አንገቱም ስለሚሰፋ አዲስ አረር አይዝም። የአንገት ዳይ አንገቱን ብቻ አጥብቦ ሌላውን ቻምበሩ እንዳበጀው ይተወዋል። ሐሳቡ ይሄው ነው። ከዚህ በኋላ ያለው ሁሉ “በምን ያህል?” እና “እንዴት?” ነው።

አሜሪካ ውስጥ ለራስ መሙላት የፌዴራል ፈቃድ አይጠይቅም፤ ለሽያጭ ከሆነ ግን ይጠይቃል። የክፍለ ግዛታችሁን ሕግ ደግሞ እዩ። አገር ቤት ላላችሁ ነገሩ ሌላ ነው፤ እዚያ ጉዳዩ የመሣሪያ አዋጁ እንጂ የዳይ ምርጫ አይደለም።

አረሩ አንገቱ ውስጥ ላላ

የሰካችሁትን አረር በጣት ስታዞሩት ይዞራል። ወይም ጫፉን ጠረጴዛ ላይ ጫን ስትሉት ወደ ውስጥ ይገባል። እንዲህ ያለውን ጥይት አትተኩሱት፣ ፍቱት። አረሩ ወደ ቀለሁ ሲሰምጥ የባሩዱ ቦታ ይጠብና ግፊቱ ይጨምራል። ይሄ የዒላማ ጉዳይ ብቻ አይደለም፣ የዓይናችሁና የእጃችሁም ጉዳይ ነው።

በቡሽንግ ዳይ የምትሠሩ ከሆነ ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ የቡሽንጉ ቁጥር ነው። ቡሽንግ ማለት ዳዩ ውስጥ የምትገባ ቀለበት ናት፤ በአንድ አንድ ሺኛ ልዩነት ትሸጣለች። ትክክለኛዋን ለማወቅ አረር የተሰካበትን ጥይት አንገት ለኩ። አንድ ጥይት አይበቃም፤ አምስት ውሰዱ፣ እያንዳንዱንም እያዞራችሁ ሦስት ቦታ ለኩ። የእኔ 0.336 ኢንች መጣ። ሒሳቡም ይገጥማል፦ አረሩ 0.308 ነው፣ የአንገቱ ግድግዳ በየጎኑ 0.014። ከዚያ ላይ 2 ሺኛ ቀነስኩ። የምገዛው 0.334 ነው ማለት ነው። እኔ ግን ቀደም ሲል “ለ.308 የሚሆን” ብዬ 0.336 ገዝቼ ኖሯል። ያ ቀለበት የእኔን ቀለህ ከአረሩ ልክ በታች አያጠበውም፤ እንዴት ብሎ ይያዝ!

የቀለህ ሠሪው ሲለወጥ የግድግዳው ውፍረትም ይለወጣል። ስለዚህ የጓደኛችሁን ቁጥር አትዋሱ። የተደባለቀ ቀለህ በአንድ ቡሽንግ እየጨመቁ እኩል ውጤት መጠበቅም የዋህነት ነው።

ቁጥሩ ትክክል ሆኖ እያለ አሁንም ከላላ ነሐሱ ጠንክሯል። በተተኮሰና በተጨመቀ ቁጥር ነሐስ ይጠነክራል፤ ስትጨምቁት ይጠብና ስትለቁት ተመልሶ ይዘረጋል። መፍትሄው አንገቱንና ትከሻውን ብቻ በልኩ አሙቆ ማለስለስ ነው። የታችኛው ክፍል መሞቅ የለበትም። ግፊቱን የሚሸከመው እሱ ነው፤ ከለሰለሰ ቀለሁ አለቀለት።

ጥይቱ ሲንከባለል ጫፉ ይወላገዳል

ብዙ ሰው የሚጎዳበት እዚህ ነው፤ እኔንም ያስቸገረኝ ይሄው ነበር። ጥይቱን መስታወት ላይ አንከባልሉት። የአረሩ ጫፍ ወጣ ገባ እያለ ከዞረ አንገቱ ጠሟል። በመለኪያ ሲታይ እስከ 3 ሺኛ ያለው ለእኔ ደህና ነው። ከ5 በላይ ሲሆን እናደዳለሁ።

የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ከተለመደው ዳይ መሃል ወርዶ የሚታየው ኳስ ነው፤ አንገት ማስፊያው። ሥራው እንዲህ ነው። ዳዩ አንገቱን ከሚገባው በላይ ያጠበዋል። ከዚያ ቀለሁ ሲወርድ ኳሱ በጠበበው አንገት ውስጥ ተስቦ ያልፍና መልሶ ያሰፋዋል። ዳዩ ለማንኛውም ቀለህ እንዲሆን ተብሎ የተሠራ ስለሆነ ነው ይሄ ሁሉ መመላለስ። የፕሬሱን እጀታ ስትመልሱ ጢጥ የሚል ድምፅ ከሰማችሁ፣ ያ ኳሱ ደረቁን አንገት እየጎተተ ነው። የተጎተተ አንገት ደግሞ ሁልጊዜ ቀጥ ብሎ አይጎተትም።

እርግጠኛ ለመሆን አንድ ሙከራ ብቻ ይበቃል። ኳሱን አውጡና አምስት ቀለህ ጨምቁ፤ የአንገታቸውን ቀጥነት ለኩ። ኳሱን መልሱና ሌላ አምስት ጨምቁ፤ ለኩ። ያለ ኳስ ቀጥ ብሎ በኳስ ከጠመመ፣ ጥፋተኛው ተገኘ። እኔ ዘንድ የሆነው ይሄው ነው፤ ሦስት ዳይ ገዝቼ ያላገኘሁትን በአሥር ቀለህ አገኘሁት።

መፍትሄው ከአንድ በላይ ነው። በጣም ርካሹ በአንገቱ ውስጥ ደረቅ ግራፋይት ቀብቶ ኳሱን ማለስለስ ነው፤ ያሻሽለዋል፣ ሁልጊዜ ግን አያድነውም። ሁለተኛው ኳሱን ጥሎ በቡሽንግ ማጥበብ፣ ከዚያ እንደ አስፈላጊነቱ ከላይ ወደ ታች በሚገባ ማንድሬል (ልኩ የታወቀ ዘንግ) ልኩን መጨረስ ነው። ማንድሬል ገፍቶ ይገባል እንጂ እንደ ኳሱ አንገቱን ጎትቶ አያወጣም።

ቡሽንግ ይዛችሁም ከጠመመ፣ ምን ያህል እያጠበባችሁ እንደሆነ አስሉ። የፋብሪካ .308 ቻምበር የአንገት ቦታው 0.344 ገደማ ነው። የተተኮሰው የእኔ ቀለህ 0.343 ይለካል። በአንዴ ወደ 0.334 ስወስደው 9 ሺኛ ነው። ይሄ ብዙ ነው። ከ5 ሺኛ በላይ በአንድ ምት ሲጠብ አንገቱ ወደ አንድ ጎን ማዘንበል ይጀምራል። በሁለት ደረጃ አድርጉት፤ መጀመሪያ 0.339፣ ቀጥሎ 0.334። ቡሽንጉንም ከላይ በጣም አትጠፍሩት። ዳዩን ስትነቀንቁት ቀለበቷ ትንሽ ቅጭል ማለት አለባት፤ ያኔ አንገቱን ተከትላ መሃሉን ታገኛለች።

ሌላም አለ። ቡሽንግ የሚጫነው ከውጭ ነው። የአንገቱ ግድግዳ በአንድ በኩል ወፍራም በሌላው ቀጭን ከሆነ፣ ውጭው ክብ ሆኖ ልዩነቱ ሁሉ ወደ ውስጥ ይገባል። አረሩ የሚቀመጠው ደግሞ ውስጥ ነው። አንገቱን በመላጫ አስተካክለው ለሚሠሩ የቤንችሬስት ሰዎች (ጠመንጃውን ጠረጴዛ ላይ አሳርፈው በትክክለኛነት ለሚወዳደሩት) ቡሽንግ ምርጥ ነው። ከካርቶን እንደወጣ ለሚጠቀም አዳኝ ግን የእኔ ምርጫ ኮሌት ዳይ ነው።

ኮሌት ዳይ የሊ ኩባንያ የታወቀበት ነገር ነው። መሃል ላይ ልኩ የታወቀ ዘንግ አለ፤ ዙሪያውን የተሰነጣጠቀ የብረት ጣት። ፕሬሱን ስትጫኑ ጣቶቹ ተሰብስበው አንገቱን ከዘንጉ ጋር ይጨምቁታል። የሚጎተት ነገር የለም። ቅባትም አይፈልግም። ልኩን የሚወስነው ዘንጉ ስለሆነ የግድግዳው ውፍረት ትንሽ ቢለያይም ውስጡ እኩል ይወጣል። ዋጋውም ከቡሽንግ ዳይ ያነሰ ነው።

ኮሌት ዳይ ገዝቼ አረሩ አሁንም ላላ፣ ወይም ዳዩ ተቆለፈ

ይሄ ዳይ በእጅ ስሜት የሚሠራ ነው። ፈራ ተባ እያላችሁ ከጫናችሁት አንገቱ ዘንጉን ሳይነካ ይቀራል። ጠበቅ አድርጋችሁ ጫኑ፣ ቀለሁን ትንሽ አዙሩና ድገሙት። አንገቱ ላይ ስስ መስመሮች ቢታዩ አትደንግጡ፤ የጣቶቹ ክፍተት ምልክት ነው። ጥልቅ ከሆኑ ግን ከልክ በላይ ጭናችኋል፤ ወይ የኮሌቱ ሾጣጣ ክፍል ሻካራ ነው። በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት አለስልሱትና ቅባት ንኩት። በትክክል ተጭኖም የሚላላ ከሆነ በአንድ ሺኛ የቀጠነ ዘንግ ለብቻው ይገዛል።

መቆለፉን ደግሞ ከእኔ ተማሩ። አንድ ማታ “እስቲ እንዴት እንደሚሠራ ልየው” ብዬ ያለ ቀለህ ፕሬሱን ጫንኩት። ጣቶቹ ተጣበቁ፣ በዚያው ቀሩ። ቀጣዩ ቀለህ አልገባ ብሎ አፉ ተጨማደደ። ዳዩን ከላይ ፈትቼ ኮሌቱን አወጣሁና በሾጣጣ ብረት ቀስ ብዬ ከፈትኩት። ያለ ቀለህ በፍጹም አትጫኑት።

ቦልቱ መዝጋት ከበደ

መጀመሪያ ሁለት ሦስት ዙር ምንም የለም። በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ቦልቱን (ቻምበሩን ከኋላ የሚዘጋውን ብረት) ወደ ታች ስታደርጉ ይጠጥራል። ብዙ ሰው የአንገት ዳዩ ተበላሸ ይላል። አልተበላሸም። የአንገት ዳይ ትከሻውን አይነካም፤ ቀለሁ ደግሞ በየተኩሱ ትንሽ ትንሽ እያደገ ቻምበሩን ሞልቶታል። አሁን የሚያስፈልገው ትከሻውን 1 ወይም 2 ሺኛ ብቻ ወደ ኋላ የሚመልስ የሙሉ አካል ዳይ ነው። የቀለሁንም ርዝመት በዚያው ለኩ፤ ካለፈ ይቆረጥ።

እውነቱን ለመናገር፣ ዛሬ ብዙ ትክክለኛ ተኳሾች አንገት ብቻ ማጥበቡን ትተው ሁልጊዜ ሙሉውን እየጨመቁ ትከሻውን በትንሹ ይመልሳሉ። ቡሽንግ የሚገባበት የሙሉ አካል ዳይም አለ። እኔም ለአደን የምይዘውን እንዲያ ነው የምሠራው። ዋፒቲ (ትልቁ የአሜሪካ አጋዘን) ፊት ቆሞ ቦልት ከሚጠጥርብኝ ግማሽ ኢንች ብሳሳት ይሻለኛል።

በአንገት ዳይ ብቻ የተሠራ ቀለህ ለተተኮሰበት ጠመንጃ ብቻ ነው። ለወንድማችሁ .308 አትስጡት። በራሱ ለሚያጎርስ መሣሪያ ደግሞ ጭራሽ አይሆንም፤ ቦልቱ ሙሉ በሙሉ ሳይቆለፍ ሊተኮስ ይችላል። ለእሱ ሁልጊዜ የሙሉ አካል ዳይ።

አረሩ ሲሰካ መጨረሻ ላይ ይጠጥራል

ለስላሳ ሲሄድ ቆይቶ አንገትና ትከሻ የሚገናኙበት ጋ ሲደርስ ከያዘ፣ እዚያ ውስጥ የነሐስ ቀለበት ተፈጥሯል። ለማረጋገጥ ገና ያልተጨመቀ የተተኮሰ ቀለህ ውሰዱና አረር በነፃ ጣሉበት። አልፎ ከወደቀ ደህና ነው፤ ታች ላይ ከቆመ ቀለበቱ አለ። ወይ በውስጥ መላጫ ማውጣት ነው፣ ወይ የአረሩ ሙሉ ውፍረት እዚያ እንዳይደርስ ወጣ አድርጎ መሰካት። ይሄ ሁለተኛው የሚሆነው የጠመንጃው ካዝናና ቻምበሩ ሲፈቅዱ ነው።

አንገቱ ተሰነጠቀ

ጣሉት። ከዚያው ካርቶን የወጡትን ሌሎቹንም በብርሃን አንድ በአንድ እዩ።

ቀለህ ስትቀይሩ ወይም የአንገቱን አያያዝ ስትለውጡ የድሮውን የባሩድ መጠን እንዳለ አትውሰዱት። ከታተመው ሠንጠረዥ መነሻ ተነሱና ቀስ በቀስ ውጡ።

ሦስቱ ዳዮች? ኳስ ያለበት መደርደሪያ ላይ ነው፤ ኳሱ ግን ወጥቷል። ኮሌቱ ፕሬሱ ላይ ነው። ቡሽንጉን ጋሼ ወሰዱት፤ የእሳቸው ቀለህ አረር ተሰክቶበት 0.338 ስለሚለካ ያቺ የእኔ 0.336 ለእሳቸው ልክ ሆነች።